ዘነበችን ወደ ደጋ ልንልክ ያሰብንበት ዓመት

አንዳንድ ጊዜ በአናጢ ቤት በኩል ሳልፍ፣ አዲስ የተላገ የጥድ እንጨት ሽታ ድንገት አፍንጫዬን ሲመታው፣ እግሬ ሳላዘው ይቆማል። ሽታው ደስ የሚል ነው፣ የሚጠላው ሰውም አላውቅም፤ እኔን ግን ወደ ልጅነቴ ይመልሰኛል። ናዝሬት ገና የባቡር ጣቢያና ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች ብቻ በነበረችበት ዘመን፣ ከእኛ ጎጆ ጋር አጥር የሚጋራ አንድ ህንዳዊ አናጢ ነበር፤ ጠዋት መላጊያውን አንስቶ ጀምበር እስክትጠልቅ እንጨት ሲልግ ይውላል፣ ፍቅፋቂውም በነፋስ እየተጠቀለለ ግቢያችን ይገባ ነበር። እኅቴን ዘነበችን በዓለም ዳር ወደሚገኝ ቀዝቃዛ ተራራ ለመላክ አንድ ዓመት ሙሉ ስንመክር የከረምነው በዚያ ሽታ ውስጥ ነው።

አናጢው ኪሻን ይባል ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ግን የውጭ አገር ሰው ሁሉ እንደሚባለው «ሙሴ ኪሻን» ይለው ነበር። ሚስቱ ሚራ ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ሴት ነበረች። ልጅ አልነበራቸውም። ዘነበች ከኔ ብዙ ትበልጣለች፣ ጡቷም ማጎጥጎጥ ጀምሮ ነበር፤ ቀን ቀን እነሱ ቤት ውሃ ትቀዳ፣ ሩዝ ትለቅም፣ ከሚራም ጋር ተቀምጣ ክር ታጠነጥን ነበር። ባልና ሚስቱ ሥጋም እንቁላልም ስለማይቀምሱ፣ ከወሎ መጥታ በርበሬና ጨው የምትቸረችረው ጎረቤታችን እትዬ ዘሐራ «የእናንተ ጾም ሁዳዴ አለው፣ የእኛም ረመዳን አለው፤ የነዚህ ግን ፋሲካም ዒድም የለው፣ ወላሂ!» እያለች ታስቀን ነበር።

አባቴ ሐዲድ ጠባቂ ነበር። እንደ ሥራ ባልደረቦቹ ቅዳሜ ገበያ አይወጣም፣ ለቅሶ አይደርስም፣ ጠላ ቤት አይቀመጥም ነበር። ነገሩን እኛ ልጆቹ ያወቅነው ከትልልቆቹ ወሬ እየቃረምን ነው። አገሩ ቡልጋ ነው፤ እዚያ ታላቅ ወንድሙ በወሰን ጠብ ሰው ገደለ፣ ብዙም ሳይቆይ እሱ ራሱ ታሞ ሞተ፤ በአገሩ ወግ ገዳይ ቢሞት ወንድሙ አለና ደሙ በአባቴ ላይ ቀረ። አባቴም እናቴን ይዞ፣ ስሙን ቀይሮ፣ ማንም የማንን ዘር ወደማይጠይቅበት ወደ ባቡር ከተማ ወረደ። እኛም አፋችንን ከፈታንበት ቀን ጀምሮ «አባትሽ የት አገር ሰው ነው?» ለሚለን ሁሉ ዓይናችንን ወደ መሬት ሰብረን ዝም እንድንል ተምረናል። ሰው እስከ ዛሬ ዓይነ አፋር ይለኛል። ፊደል ሳልቆጥር በፊት የተማርኩት ትምህርት እሱ ነው።

ቡልጋ ደግሞ ሩቅ አልነበረም። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ እናቴ ለማገዶ ኮረብታው ላይ ስንወጣ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ከሚንጃር ሜዳ ወዲያ ያለውን ሰማያዊ ነገር ታይ ነበር። «ምንድን ነው?» ስላት «ደመና ነው» ትለኝ ነበር።

ዘነበችን በየዓመቱ ንዳድ ይይዛት ነበር። ያን ዓመት በጥቅምት የያዛት ግን ከሌላው የከፋ ስለነበር ፀጉሯ ረግፎ፣ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ፣ ጣፊያዋ አብጦ በቀሚሷ ላይ እስኪታይ ድረስ አድክሟት፣ በጋው ሲገባ ከመኝታዋ የተነሣችው እንደ ሽማግሌ በምርኩዝ ነው። እትዬ ዘሐራ መጥታ ሆዷን ዳበሰችና እናቴን ወደ ውጭ ጠራቻት። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ።

«እናት ዓለም፣ እውነቱን ልንገርሽ? ይቺ ልጅ ሌላ ጥቅምት አትችልም። ወደ ደጋ አውጧት።»

«ወዴት ደጋ፣ እትዬ?»

«ደጋ ጠፍቶ ነው? የሰው አገር ደጋ ሞልቷል።»

እናቴ ተመልሳ ገባችና የዘነበችን ጋቢ አስተካከለችላት።

ጥር ላይ፣ ያ አቧራ የሚያነሣው ነፋስ ሲነፍስ፣ ሙሴ ኪሻን አንድ እሑድ ጫማውን ከደጃፋችን አውልቆ ገባ። የጣቢያው ሥራ ሊያልቅለት ስለሆነ ወደ አገሩ ሊመለስ ነበር፤ መልእክቱን ለመናገር ሲያስብ የቆየ ይመስል ሳይቀመጥ ጀመረው።

«ዘነበች በጣም ታመመ። ከእኛ ጋር ይሂድ። እዚያ አንድ ዓመት ይቆያል፣ ይድናል፣ ይመጣል።»

«ምነው ሙሴ፣ ልጅቷን ወንድ አደረግካት?» አለች እትዬ ዘሐራ፤ ሁላችንም ሳቅን፣ ሚራም አፏን ሸፈነች። አባቴ ግን አልሳቀም። ከመደቡ ተነሥቶ ለሙሴ ኪሻን በርጩማ አቀረበለትና «እስቲ ስለ አገሩ ንገረኝ» አለው።

አገሩ ሂማላያ ነበር። ሚራ የተወለደችበት ከተማ ከተራራው ወገብ ላይ ተንጠልጥላ የተሠራች ትንሽ ከተማ ናት፤ የቆላው ሙቀት ሲበረታ ሹማምንቱም ባለጠጋውም በሽተኛውም ወደዚያ ይወጣል። ጠዋት በር ሲከፈት ደመና እንደ ጥጃ ቤት ውስጥ ይገባል፤ ዛፉ ሁሉ ጥድ ነው፤ ቢምቢ የሚባል የለም፤ ጸጥታውም ሰው የገዛ ልቡን ሲመታ እስኪሰማ ድረስ ነው። ከከተማዋ በላይ ያለው ተራራ ዓመቱን ሙሉ በረዶ ለብሶ ይኖራል። እናቴ ይህን ስትሰማ አቋረጠችው።

«በረዶ በሚወርድበት አገር እህል ይበቅላል?»

«ይበቅላል፣ ማዳም።»

«ቤተ ክርስቲያንስ? ልጄ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይፈታታል?»

ሙሴ ኪሻን ቃሉን ስላላወቀው ወደ ሚስቱ ዞረ፤ እሷም አላወቀችውም። አባቴ «አትሞትም፣ ለምን ትፈታለች?» ብሎ ጥያቄውን ዘጋው።

እንግዶቹ ሲወጡ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቡልጋ እናቴ ቤት ሦስት ቀን መንገድ ነው እኮ። ደም የሴት ልጅ አይነካም፣ እርስዎም ያውቃሉ» አለችው። አባቴም «እሷን አይነኳትም። የመጣችበትን መንገድ ይዘው ግን እዚህ ይደርሳሉ» አላት። እናቴ አባቴን ቀና ብላ የማታይ ሴት ነበረች፤ በዚያ ቀን ግን ለረጅም ጊዜ አየችው።

ከዚያ ወዲያ መንገዱን ማሰናዳት የቤታችን ሥራ ሆነ። ሙሴ ኪሻን ከተረፈው ጥድ ለዘነበች የልብስ ሣጥን ሠራላት፤ ሚራ የሱፍ ሹራብ ጀመረችላት፣ እኛም ያን ሹራብ እየዳሰስን እንዲህ ያለ ልብስ የሚያስለብስ ብርድ ምን ዓይነት እንደሆነ እንገረም ነበር። ዘነበች ብርዱን ልትለማመድ ጠዋት ጠዋት እጇን እስከ ክርኗ እንስራ ውስጥ ነክራ ትቆይ ነበር። ከሚራ ቃል እየተማረች ታስተምረኝም ነበር። «ውሃ ፓኒ ነው። እናት ማ ነው። አየሽ፣ ቀላል ነው» ትለኛለች፤ አንድ ቀን «ናፈቀኝስ እንዴት ይባላል?» ብዬ ስጠይቃት ግን «እሱን አልጠየቅኳትም» ብላ ፊቷን አዞረች።

የበልጉ ዝናብ ጥሎ አቧራው ከታፈነ በኋላ፣ ከፋሲካ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ እትዬ ዘሐራ ገበያውን ጥላ፣ በርበሬዋን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ እየሮጠች መጣች።

«አንድ ወጣት ጎራዴ ታጥቆ በገበያው ይዞራል። የቡልጋ ሰው የሚያውቅ አለ ወይ እያለ ይጠይቃል፣ ዘመድ ጠፍቶብኝ ነው ይላል።»

«ምን አልሽው?» አለች እናቴ።

«እኔ ከወሎ ነኝ፣ የማውቀው በርበሬ የሚገዛኝን ሰው ብቻ ነው አልኩት። ሳቀ። ሳቁ ግን ደስ አላለኝም።»

ወጣቱ በማግሥቱ በባቡር ወደ አዲስ አበባ ሄደ አሉ። አባቴ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሐዲዱ ሲሄድ መንገድ እየቀያየረ፣ ሲመለስም ጎጆውን ዞር ዞር ብሎ አይቶ ይገባ ነበር። ማታ ማታ ሙሴ ኪሻን ዘንድ ሄዶ «መቼ ነው የምትሄዱት? አሁን አይሆንም?» ይለው ጀመር፤ ሙሴም «ሥራ ሐምሌ ያልቃል፣ ነሐሴ እንሄዳለን» ይለው ነበር። ሲጠይቅ ከልጅቷ ይልቅ እሱ የሚሰደድ ይመስል ነበር።

ክረምቱ ገባ። ጓሯችን ረግረግ ሆነ፣ እንቁራሪቱ ሌት ተቀን ይጮህ ነበር። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ነሐሴ ሲብት ሴት ልጅ ተገላገለች። ያን ሰሞን ሙሴ ኪሻን ሥራውን ጨርሶ፣ ዕቃውን ጠቅልሎ፣ የዘነበችን ሣጥን ሊወስድ መጣ። እናቴ በመጋረጃው ውስጥ ሆና ለቅሶዋን ለቀቀችው።

«አራስ ጥላችሁ ልጄን ትወስዱብኛላችሁ? ውሃ የሚያቀብለኝ ማን አለ? ይቺ በሩ ላይ የቆመችው እንደሆነች እንኳን ለኔ ለራሷም አልሆነች። ከመስቀል በኋላ ውሰዷት። መስቀልን እቤቷ ታክብርልኝ።»

«ንዳድ እኮ መስቀል አያውቅም፣ ማዳም» አለ ሙሴ ኪሻን።

«ክረምት የወጣ መንገደኛ አይመለስም። ወንዙ ይሙላ ይጉደል ሳይታወቅ፣ ሰማዩ ሳይከፈት፣ ማን ልጁን ይሰዳል? መስቀል ከወጣ መንገድ ሁሉ የተባረከ ነው።»

ይህ በእኛ ዘንድ የታወቀ ነገር ነበር። በደጋው አገራችን መስቀል ማለት ጭቃው የደረቀበት፣ ወንዙ የጎደለበት፣ ሠርግም ንግድም መንገድም የሚጀመርበት ጊዜ ነው። ወደ ቆላ ወርደን ስንኖር ልማዱን ይዘነው ወረድን እንጂ፣ በቆላ ያ ወር የምን ወር እንደሆነ አልመረመርንም። አባቴም ሚስቱ እንዲህ ስታለቅስ አይቶ አያውቅምና እሺ አለ። ሚራና ባሏ በሌላ መርከብ ለመሄድ ተስማምተው ቀሩ።

መስከረም ጠባ። ደመራው ጣቢያው ፊት ለፊት ተተከለ። ዘነበች ፀጉሯ መልሶ በቅሎ ነበር፤ ሹሩባ ተሠርታ፣ ሚራ የሰጠቻትን ሰማያዊ ነጠላ ጣል አድርጋ ከእኩዮቿ ጋር ስትጨፍር፣ ለሚያያት ታማ የምታውቅ አትመስልም ነበር። እናቴ ከአራስ ቤት ሆና ጭፈራውን እየሰማች «ድምፅዋን ስሚ፣ ድናለች እኮ» አለችኝ።

መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ግድም፣ ዘነበች ጠዋት ሣጥኗን እያሰናዳች ሳለ ማዛጋት ጀመረች። ደጋግማ አዛጋች። ከዚያ ክንዶቿን አቅፋ ፀሐይ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፤ ጥርሷ ሲጋጭ ይሰማኛል። እኔ ቆሜ ሳያት ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«የሂማላያ ብርድ ቀድሞ መጣልኝ» አለች።

ከቀትር በኋላ እንደ እሳት ነደደች። ሚራ ኪኒን ይዛ እየተመላለሰች ልታውጣት ሞከረች፣ የዋጠችውን ሁሉ መልሳ ታስወጣው ነበር። የመሄጃቸው ቀን ሲደርስ ባልና ሚስቱ ለመንገድ ለብሰው መጡ፤ ሚራ መሬት ላይ ተንበርክካ የዘነበችን እግር እያሻሸች በቋንቋዋ ብዙ ነገር ተናገረች፤ ዘነበች ከተናገረችው ውስጥ አንዲቷን ቃል አውቃት ኖሮ ዓይኗን ሳትገልጥ «ማ» አለች። ሙሴ ኪሻን በሩ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያዞር ነበር።

«መርከቡ አይጠብቅም። ሁለተኛ አይጠብቅም» አለ ለአባቴ። «ወንድሜ፣ ይህን ልጅ ከዚህ አውጣው። የትም ይሁን፣ አውጣው።»

በዚያ ቀን ማንም አላረመውም።

ባቡሩ ጮኸ፣ ከጣቢያው ተነሣ፣ ድምፁ ወደ አዋሽ በኩል እየራቀ ሄዶ ጠፋ። አባቴ እስኪጠፋ ድረስ ቆሞ ሰማውና፣ ገብቶ የዘነበችን ግንባር ነካ፣ ከግድግዳው ላይ ጋቢውን አወረደ። እኔን «ኦቦ ቱፋን ጥሪልኝ፣ በቅሎዋን ይጫኑ በያቸው» አለኝ። ኦቦ ቱፋ ከከተማው ዳር የሚኖሩ፣ በቅሎ የሚያከራዩ አረጋዊ ነበሩ።

«ወዴት ነው?» አለች እናቴ ከመጋረጃው ውስጥ።

«ወደ አገሬ።»

ይህን ቃል ከአባቴ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እናቴ ከመኝታዋ ተነሥታ መጋረጃውን ገለጠችው።

«እርስዎ አይሄዱም። ኦቦ ቱፋ ያድርሷት።»

«በቅሎ ላይ ማን ደግፎ ይይዛታል? ታማ የመጣችን ልጅ ከማያውቁት ሰው እጅ ማን ይቀበላል? አንቺ አራስ ነሽ። ሌላ ሰው የለም።»

«እኔ ነኝ ያስቀረኋት። እኔ ነኝ መስቀል መስቀል ያልኩት።»

«ተይ እንጂ» አላት። «አስረክቤያት ሳይሰሙ እመለሳለሁ።»

ዘነበችን በጋቢ ጠቅልሎ በቅሎዋ ላይ አስቀመጣት፣ ከኋላዋ ተፈናጥጦ በክንዱ አቀፋት። ኦቦ ቱፋ ልጓሙን ይዘው ቀደሙ። አባቴ ራሴን ዳበስ አድርጎኝ ሄደ። እትዬ ዘሐራ በዚያን ቀን ቤታችንን አላስጠረገችንም፤ መንገደኛ ወጥቶ ቤት አይጠረግም ብላ መጥረጊያውን ይዛው ሄደች።

ጥቅምት ተጋምሶ ሰማዩ ከመቼውም ይልቅ ጠርቶ ነበር። ኮረብታው ላይ ለብቻዬ እየወጣሁ እናቴ ደመና ነው ያለችኝን ነገር ሳይ እውል ነበር። ኦቦ ቱፋ የመጡት ከሰዓት በኋላ ነው። በቅሎዋን እየጎተቱ ነበር፤ ላይዋ ማንም አልነበረም። በራችን ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት «አካም ጅርቱ» ብለው ሰላምታ አልሰጡም። መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ልጅቷን አድርሰናል» አሉ። «አያቷ ተቀብላታለች፣ በሕይወት አለች። ሌሊቱን ተነሥተን ወጣን፣ ማንም አላየንም ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ ቆመ። ‹እንሂድ እንጂ፣ ሊነጋ ነው› አልኩት። ‹ትንሽ ቆዩኝ ኦቦ፣ እናቴ እዚህ ናት፣ ስትቀበር አልነበርኩም› አለኝ። ገባ። ሲወጣ ነግቶ ነበር፣ ሰው ለኪዳን ይመጣል። አዩት።»

«ከዚያስ?» አለች እናቴ። ድምፅዋ ደህና ነበር።

«ከሰምን ልንሻገር ስንወርድ ወንዙ ዳር ተቀምጠው ጠበቁን። እኔን ‹አንተ እንግዳ ነህ፣ በቅሎህን ይዘህ እለፍ› አሉኝ። እሱም ‹እለፉ ኦቦ፣ ከቤቴ ድረሱልኝ› አለኝ። ያ ዋቃ! እኔ አለፍኩ።»

ከዚያ በኋላ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ተሰብስበው ደሙን አደረቁት። አንድ ለአንድ ሆነ፣ ከእንግዲህ ቂም የያዘ ይረገም ተባለ። ዘነበች ንዳዱ ለቅቋት፣ ጣፊያዋ ጎድሎ፣ በአያቴ ቤት ወዝ አወጣች። እስክትድን አያቴ ነገሩን ደብቀዋት ኖሮ መርዶውን የሰማችው ከሁላችን በኋላ ነው። የሙሴ ኪሻንንና የሚራን ወሬ ከዚያ ወዲያ አልሰማንም።

አሁን መኪና እስከ ሚንጃር ይዘልቃል። እኔም ንዳዱ ሲመጣ፣ መስቀልን ሳልጠብቅ፣ እኅቴ ዘንድ እወጣለሁ። ዘነበች እዚያው አግብታ ወልዳለች፤ ሴቶች ልጆቿ ብርዱ ሲያንቀጠቅጠኝ «ቆለኛዋ አክስታችን» እያሉ ይስቁብኛል። ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ ጎልማሳ ሰው ከጠባቡ መንገድ ወርዶ ያሳልፈናል፣ «እናታችሁ ደኅና ናት?» ይላል። ዘነበች «ደኅና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትለዋለች። የሱን አባት አጎቴ እንደገደለው፣ ከሰም ዳርም ተቀምጦ የጠበቀው እሱ እንደሆነ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ አሁን ግን ነገሩን የሚያነሣው የለም፣ እኛም አናነሣውም። ያኔ ይህ ደጋ ከሂማላያ ይልቅ ይርቀን ነበር። ዛሬ ብቻዬን ሴት ልጅ ሆኜ እመላለስበታለሁ፣ የማን ልጅ ነሽ ብሎ የሚያስቆመኝ የለም። ከሰም ስደርስ ሌላው መንገደኛ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ውሃ ይጠጣል፣ ፊቱን ይታጠባል። እኔ ቢጠማኝም ጫማዬን አውልቄ ሳልጠጣ እሻገራለሁ።